የሕይወት ታሪካችንን ማን ይጻፈው?



ቀብር ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጸሎቱ ሲያበቃ አንድ ሰው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ብሎ ይጀምራል። የትውልድ ቦታ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ የሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ይከተላል። ከዚያ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" የሚለው ይመጣል። ይህ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ልጅ ታላቅ እህቱን "አባባ የተወለዱት ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። አንዷ 1938 ትላለች፣ ሌላው 1941 ይላል። መልሱን የሚያውቁት ሰውዬ ከሁለት ቀን በፊት ቢጠየቁ ኖሮ በደስታ ይናገሩ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ጥያቄና ከእሱ በላይ ስለሚከብዱት ጥያቄዎች ነው። ሕመም ሲጸናብኝ ሐኪም ቤት ልቆይ ወይስ ቤቴ ልሁን? መናገር ቢያቅተኝ ማን ይናገርልኝ? ሥቃይ ሲበረታብኝ ምን ይደረግልኝ? ሕፃናት ልጆቼን ማን ያሳድጋቸው? የት ልቀበር? እነዚህን በጊዜ መነጋገር ለቤተሰብ የሚሰጥ ትልቅ ስጦታ እንደሆነ አምናለሁ። ንግግሩን ለማስጀመር ደግሞ ከመመሪያና ከበራሪ ወረቀት ይልቅ ቲያትር፣ ሥዕል፣ ግጥምና ትረካ የተሻለ ኃይል አላቸው እላለሁ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ዝምታችን ከየት እንደመጣ እናውቃለን። "እማዬ፣ ድንገት ብትታመሚ ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ የጠየቀ ልጅ ውርስ የቋመጠ ይመስላል። እናት ራሷ "እኔ ስሞት" ብላ ስትጀምር "ኧረ እማዬ፣ ክፉ አታናግሪን!" ብለን አፏን እናስዘጋታለን። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ለታማሚው ከመንገሩ በፊት ቤተሰቡን ለብቻ ይጠራል፣ ቤተሰቡም "እባክህ ዶክተር፣ እሳቸው እንዳይሰሙ" ይላል። ታማሚው ግን ከልጆቹ ፊት አንብቦ ሁሉንም ያውቃል። እንዳያስጨንቃቸው ብሎ እሱም ዝም ይላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም እያወቁ ሁሉም ይደባበቃሉ። ይህ ዝምታ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ስለዚህ በተግሣጽ አይፈርስም። "ኑዛዜ አድርጉ" የሚል ፖስተር ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ አላፊ አግዳሚው ዓይኑን ያዞራል። የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ቃል በእኛ ምትክ የሚናገር ሌላ አፍ ነው። መድረክ ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ "እኔ ስሞት" ቢል ማንም "አፍህን በዳቦ" አይለውም። ስለ እሱ መነጋገር እንችላለን፣ ስለ እሱ ስንነጋገርም ስለ ራሳችን እየተነጋገርን ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ መጨረሻቸው በጥበብ መናገር ያውቁ ነበር። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር የተደፋች ሴት ያያል። እቴጌ ምንትዋብ ናት። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ደብር ውስጥ ራሷን እንዲህ አስሳለች፤ በሕይወት እያለች ከሞት በኋላ በምን መልክ መታሰብ እንደምትፈልግ ወሰነች ማለት ነው። በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻም ያጻፈውና የጻፈው ሰው ስማቸውን አኑረው አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይማጸናሉ። ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው፣ ኪነ ጥበብም ነው።

ሙሾን ደግሞ እናስብ። ጥሩ አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዘመድ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ጦረ፣ ከማን ጋር ተቀያየመ። የሰማችውን በግጥም ታወጣዋለች። ሟቹን እየጠራች ለቋሚዎቹ ትናገራለች፤ የተጣሉ ወንድማማቾችን፣ አሞት ያልጠየቀውን ዘመድ፣ ሜዳ ላይ የቀሩትን ልጆች በስንኝ ትነካቸዋለች። በሌላ ቦታ ብትናገረው ጠብ የሚያስነሳው ነገር በለቅሶ ዜማ ሲወጣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የሙሾ ችሎታ ይህ ነው። ችግሩ ሟቹ ከሄደ በኋላ መድረሱ ነው። ዛሬ በከተማ አልቃሽ እየጠፋች፣ ቦታዋን ያ በሌሊት የሚጻፍ ወረቀት እየያዘው መጥቷል። ይህንን ችሎታ ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ፣ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ወደሚጠጣበት ጊዜ ማምጣት እንችላለን? እንደሚቻል የሚያሳየውን ምሳሌ ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አግኝቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኡጋንዳ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ናክዎላ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ያኔ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት ለድሃ እናት የማይደረስበት ነበር። እናቶቹን ሁለት ነገር አስጨንቋቸው ነበር፦ ሕመማቸውን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚነግሩና ልጆቹ ከእነሱ በኋላ ወዴት እንደሚወድቁ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ቢያትሪስ ዌሬ ናት፤ ባሏን በዚሁ በሽታ ያጣች፣ እሷም ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ያወቀች ወጣት እናት ነበረች። እነዚህ ሴቶች የትዝታ መጽሐፍ የሚባለውን ሥራ ያዙ። ሐሳቡ መጀመሪያ የተሞከረው በእንግሊዝ አገር፣ ባርናርዶስ በተባለ የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ ከአፍሪካውያን እናቶች ጋር ነበር፤ ሥር ሰዶ የተስፋፋው ግን በኡጋንዳ ነው።

መጽሐፉ ተራ ደብተር ነው። በየገጹ ርእስ አለው፦ አንተ የተወለድክበት ቀን፣ የእኔ ልጅነት፣ አባትህ፣ አያቶችህና የመጡበት መንደር፣ የምትወደው ምግብ፣ የመጀመሪያ እርምጃህ፣ የእኔ ጤና፣ ለአንተ የምመኘው። እናቲቱ ትጽፋለች፣ መጻፍ ካልቻለች ልጁ ወይም ጎረቤት ይጽፍላታል። ፎቶ ካለ ይለጠፋል፣ ከሌለ በእርሳስ ይሳላል፦ ቤቱ፣ የማንጎው ዛፍ፣ ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ። ሴቶቹ በቡድን ተቀምጠው የጻፉትን አንዷ ለሌላዋ ያነባሉ።

የሥራው ጥበብ የርእሶቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ "ታምሜአለሁ" አይልም። ስለ ልደት፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ አያት ይጀምራል፤ እናትና ልጅ እየሣቁ ይጽፋሉ። ደብተሩ ሲጋመስ "የእኔ ጤና" የሚለው ገጽ ላይ ይደረሳል። ያኔ ልጁ ራሱ ይጠይቃል፣ እናቲቱም ብዕሯን ይዛ ለመመለስ ተዘጋጅታለች። ከዚያ የአሳዳጊ ጉዳይ ይመጣል፤ አክስቱ ጋ ይሁን ወይስ አያት ጋ? መሬቱስ በማን ስም ነው? ባል የሞተባት ሴት ንብረት በዘመድ በሚወሰድበት አገር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ከእነዚያ እናቶች መካከል መድኃኒቱ ደርሶላቸው ልጆቻቸው ሲያድጉ ያዩ አሉ። ሞትን አስበው የጀመሩት ደብተር የቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ቀረላቸው።

ይህ በሩቅ አገር የሆነ ነገር አይምሰለን። በእኛም አገር ተረት የዝምታን በር ሲከፍት አይተናል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ "የቀን ቅኝት" የተባለ ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር፤ 257 ክፍል ነበረው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ በገጸ ባሕርያት ኑሮ ውስጥ ያወራ ነበር። አድማጩ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ደብዳቤዎች ጻፈ። ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት መግዛትና ፖስታ ቤት መሄድ በሚያስፈልግበት ዘመን ነው ይህ። በቤት ስሙ እንኳ የማይጠራው በሽታ ራት ላይ መወያያ ሆነ፤ ምክንያቱም ሰው ስለ ጎረቤቱ ወይም ስለ ራሱ ሳይሆን ትናንት ማታ ስለሰማው ገጸ ባሕርይ ነበር የሚያወራው።

ወደ ቲያትር ልምጣ። አሜሪካዊው የመድረክ አዘጋጅ ብራያን ዶሪስ ቲያትር ኦፍ ዋር የተባለውን ሥራ የጀመረው ለወታደሮች ነበር፤ ቆይቶ ግን በጠና ለታመሙ ሰዎች ሕክምና ለሚሰጡ ሐኪሞችና ነርሶች ማንበብ ያዘ። ተዋንያኑ አልባሳት አይለብሱም፣ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የግሪካዊው የሶፎክልስ ድራማ ያነባሉ። ከሚያነቧቸው አንዱ "የትራኪስ ሴቶች" ነው። ጀግናው ሄራክልስ በመርዝ የተነከረ ልብስ ሥጋው ላይ ተጣብቆ እየበላው፣ ልጁን ሒሎስን ወደ ተራራ ወስደህ በእንጨት ክምር ላይ አቃጥለኝ ብሎ ይለምነዋል። ልጁ ይጨነቃል። በመጨረሻም እስከ ተራራው እንደሚሸከመው፣ እሳቱን ግን በገዛ እጁ እንደማይለኩስ ይነግረዋል። ሕይወትን ማሳጠር በእኛ እምነት የማይታሰብ ነው፣ እኔም ያን ለመስበክ አላመጣሁትም። ያመጣሁት ለልጁ መልስ ነው። አባት የጠየቀውን፣ ልጅ የሚችለውንና የማይችለውን ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ንባቡ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገሩት ምሁራን አይደሉም፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የተመረጡ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከልባቸው ይናገራሉ። አንዷ ነርስ፣ አንዱ አባቱን ያስታመመ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ መድረኩ ለአዳራሹ ይለቀቃል።

ለእኛ ግን ሶፎክልስን መተርጎም አያስፈልገንም። ለእድር ስብሰባ የሚሆን የአምስት ደቂቃ ትርኢት ላሳያችሁ። ሦስት ወንድምና እህት ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ አባታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተዋል።

ታላቁ፦ "ቤቱን ሸጠንም ቢሆን ውጭ አገር እንውሰዳቸው።"

እኅት፦ "ዶክተሩ ያለውን ሰምተሃል። መንገዱንም አይችሉትም።"

ታላቁ፦ "እና እጃችንን አጣጥፈን እንያቸው? ሰው ምን ይለናል?"

ታናሹ፦ "ትናንት ማታ 'ቤቴ ውሰዱኝ' ሲሉ ሰምቻለሁ።"

እኅት፦ "ተው አንተ! ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ይሰማል። ሦስቱም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ትርኢቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

አሁን አወያዩ ወደ ታዳሚው ዞሮ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ከሦስቱ የትኛውን ታውቁታላችሁ? ሰው "ታላቁን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ" ብሎ እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። "ሰው ምን ይለናል" የምትለዋ ቃል ላይ ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ በእኛ አገር ብዙ ውሳኔ የሚወሰነው በእሷ ነውና። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረውን ዘዴም እዚህ መጠቀም ይቻላል። ትርኢቱ እንደገና ይጀመራል፣ ከታዳሚው አንዱ "ቁሙ!" ይልና ወጥቶ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይይዛል፣ በራሱ መንገድ ይሞክረዋል። አንዷ እናት ታናሹን ተክታ መጋረጃውን ገልጣ "አባባ፣ ምን ይሻልዎታል?" ብላ ብትጠይቅስ? አባትየው ምን ይመልሳሉ? መልሱ በድርሰቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ አባትየውን የሚጫወተው ሽማግሌ ከራሱ ሆድ ያወጣዋል።

በዓለም ላይ የታወቁ ሌሎች ሙከራዎችም አሉ። አርቲስቷ ካንዲ ቻንግ የምትወዳት ሰው በሞት ከተለየቻት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ በጥቁር ሰሌዳ ቀለም ቀብታ "ከመሞቴ በፊት የምፈልገው..." የሚል ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ጻፈችበት፤ ጠመኔም አስቀመጠች። በማግሥቱ ግድግዳው ሞላ፣ ዛሬ ተመሳሳዩ ከ70 በላይ በሆኑ አገሮች ተሠርቷል። ሥራውን አከብራለሁ፤ መንገደኛውን አቁሞ ያሳስባል። ነገር ግን ጠመኔ ይታጠባል፣ ጻፊውም ስሙን ሳይተው ይሄዳል። እቤት ያለችው ሚስት ባሏ ምን እንደጻፈ አታውቅም። ለእኛ የሚሻለው ሰው ከሚያውቃቸው ሰዎች ፊት የሚናገርበት ጥበብ ይመስለኛል። ለምሳሌ በጋና፣ አክራ አጠገብ ተሺ በምትባለው መንደር የሳጥን ሠሪው የሴዝ ካኔ ክዌይ ወራሾች የአስከሬን ሳጥኑን በኮኮዋ ፍሬ፣ በዓሣ፣ በአውሮፕላን አምሳል ይቀርጻሉ፤ ዓሣ አጥማጁ በዓሣ ውስጥ ይቀበራል። የዚያ ሳጥን ቅርጽ ሲወሰን ቤተሰቡ "ይህ ሰው ማን ነበር?" ብሎ ተቀምጦ መነጋገሩ ግድ ነው።

ኪነ ጥበብ በር ይከፍታል እንጂ ጉዳይ አይጨርስም። ውይይቱ ወረቀት ላይ ካልወረደ በሳምንቱ ይረሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ይቀበላል። በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በራስ ጽሑፍ የሚደረገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ ይናገር። ብዙ ሰው የሚተማመንበት የቃል ኑዛዜ ግን እጅግ ጠባብ ነው፦ ሞቱ የተቃረበ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሲሆን የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለሕፃናት ልጆች አሳዳጊነትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። "ለሽማግሌ ነግሬአለሁ፣ ቤቱ የእሷ ነው" ብለው የሄዱ አባት ሚስታቸውን ፍርድ ቤት በር ላይ ጥለዋት ሄደዋል። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም፤ ለየብቻ ይጻፉ። ሃይማኖታችንም ከዚህ ጋር አይጣላም። ክርስቲያኑን የንስሐ አባቱ ኑዛዜውን እንዲያስተካክል ሲመክሩት ኖረዋል፣ ሙስሊሙም ወሲያውን፣ ማለት ኑዛዜውን፣ ጽፎ እንዲያኖር ታዝዟል።

ስለ ሕመም ጊዜ ያለው ምኞት ከንብረት ኑዛዜ የተለየ ነው፣ ለእሱም ቃላት ሊኖረን ይገባል። ሊድን የማይችል ሕመምን ሥቃይ ማስታገሥ ተስፋ መቁረጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን በየቤታቸው እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። ቤቴ ልሁን ያለ ሰው ሕክምና አልፈልግም ማለቱ እንዳልሆነ ከሥራቸው መረዳት ይቻላል። ከትርኢቱ በኋላ ለሚደረገው ውይይት እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ነርስ፣ የሕግ ባለሙያና የሃይማኖት አባት ወንበር ይያዙ፤ ሲጠየቁ ይመልሱ፣ ሳይጠየቁ አይስበኩ።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ጉዳዩ ይብሱን አጣዳፊ ነው። አስከሬን አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚያው ይቀበር የሚለው ክርክር ገንዘብ እየተለመነና በረራ እየተያዘ የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያ ያደጉ ልጆች አማርኛ ቢያጥራቸውም ስልክ ይዘው አያታቸውን መቅረጽ ግን ያውቃሉ፤ ከዚያ ይጀምሩ።

ትርኢቱን ለምታዘጋጁ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሰው በቅርቡ ያዘነ ከሆነ አታስገድዱት። በሩ ክፍት ይሁን፣ የሚወጣ ይውጣ፣ የሚያለቅስም ያልቅስ፤ ከአዳራሹ ውጭ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። ትርኢቱም ሰውን በማስፈራራት አይሠራ። መርዶ የሚመስል ድራማ ሰው ሮጦ እንዲሸሽ ያደርጋል።

የእድር ሰብሳቢዎች ብዙዎቻችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ የአባላቱ መዝገብ ሁሉ በእጃችሁ ነው፤ ሰውም ያምናችኋል። የምጠይቃችሁ ከወርሐዊ ስብሰባችሁ አንድ ሰዓት ነው። መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ በሠፈሩ የሚገኙ የቲያትር ክበብ ወጣቶች ያን የአምስት ደቂቃ ትርኢት ያሳዩ። ከውይይቱ በኋላ ለእያንዳንዱ አባል ባዶ ደብተር ይሰጠው፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይም "የሕይወት ታሪኬ፣ በራሴ እጅ" ይባል። የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ ያሳደጉኝ፣ የምኮራበት ሥራ፣ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ይከተሉ። መጨረሻ ላይ ሦስት ገጽ ይተው፦ ብታመም፣ መናገር ባልችል ስለ እኔ የሚናገርልኝ፣ ስቀበር። መጻፍ የማይችሉትን ከትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች ይጻፉላቸው። ደብተሩ እንደ ኑዛዜ እንደማይጸና፣ ንብረት የሚመለከተው በሕጉ መሠረት ለብቻ እንደሚጻፍ የሕግ ባለሙያው ያስረዳ። በሚቀጥለው ወር አንድ ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ከፊተኞቹ ገጾች ያንብብ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች እቤቱ ለመረጠው ሰው ያንብብ፣ ቅጂውንም ለእሱ ይስጥ።